ሰማንያኛው ቀን

ልጅ ሳለሁ ከፈረንሳይ ሰፈር ወደ እንጦጦ በሚያወጣው ዳገት ላይ፣ አስፋልቱ አልቆ ኮረኮንቹ በሚጀምርበት ቦታ፣ አምስት ቤተሰብ በጋራ በተከራየው ግቢ ውስጥ እንኖር ነበር። ያኔ ክረምት ሲገባ መብራት የማይጠፋበት ምሽት አልነበረም፤ በጠፋ ቁጥርም የግቢው ልጆች እየተጋፋን የምንሄደው ወደ እማሆይ ደጅ ነበር። እማሆይ ባላቸው ከሞተ በኋላ የመነኮሱ፣ ቀጭን፣ ረጅም፣ ጉንጫቸው የጎደጎደ ሴት ነበሩ፤ ከግቢው ጥግ አንዲት ሰርቪስ ክፍል ተከራይተው ለቤተ ክርስቲያን ጧፍ እየሠሩ ይተዳደሩ ነበር። የጥጡን ክር ደርበው፣ በከሰል ምድጃ ላይ በቀለጠ ሰም ነክረው፣ ግድግዳው ላይ በተመቱት ምስማሮች ያንጠለጥሉታል። እኛ ምድጃውን ከበን እንኮለኮላለን። ከሰሉ ሲከስም የፊታቸው አንድ ወገን ይጠፋል፣ ሲያራግቡት ደግሞ ይመለሳል፤ እጃቸው ከሰሙ፣ አፋቸው ከተረቱ ሳይለይ፣ እናቶቻችን እየተጣሩ እስኪወስዱን ድረስ እንቀመጥ ነበር።

የእማሆይ ተረት የጅብና የቀበሮ አልነበረም። ለምን እንደምንጾም፣ የቆረበ ሰው ለምን እንደማይተፋ፣ ወንድ የወለደች እናት አርባ፣ ሴት የወለደች ሰማንያ ቀን ሳይሞላት ለምን ቤተ ክርስቲያን እንደማትገባ፣ ሕፃኑም በዚያው ቀን ለምን ክርስትና እንደሚነሣ፣ ሁሉንም በተረት ነበር የሚነግሩን። እኔን በቤት ስሜ ሜሮን ብለው ጠርተውኝ አያውቁም። «ወለተ ሥላሴ» ይሉኝ ነበር፣ በክርስትና ስሜ። «ሜሮን ለቀበሌ ነው» ይሉ ነበር። «እግዜር የሚያውቅሽ በዚህኛው ነው።»

ከተረቶቻቸው ሁሉ አንዱን እፈራው ነበር፣ እንዲነግሩንም ሁልጊዜ የምለምነው እሱኑ ነበር። ድሮ፣ ከተማው ይህን ዳገት ሳይወጣው፣ ከእንጦጦ እንጨት እየለቀመች የምትሸጥ አንዲት ሴት ነበረች። ሴት ልጅ ወለደች። ልጅቱም ሰማንያ ቀኗን ሳትደፍን፣ ክርስትና ሳትነሣ፣ ሞተች። ከሰማይ ደጅ ስትደርስ በር ጠባቂው መልአክ ከመዝገቡ ላይ ስም እየጠራ ሰዎችን ያስገባል። ልጅቱ ትጠብቃለች፤ የማርያም ይጠራል፣ የጊዮርጊስ ይጠራል፣ የሚካኤል ይጠራል፤ የሷ ስም ግን አይጠራም፣ ስም አልተሰጣትምና። በሩ ሲዘጋ ወደ እንጦጦው የባሕር ዛፍ ጫካ ትመለሳለች፣ በነጋታው ደግሞ ትወጣለች። እናቷም የምታውቀውን ስም ሁሉ እየጠራች በጫካው ውስጥ ትዞራለች፣ ምናልባት አንዱ የልጄ ይሆናል ብላ። «ከዚያስ?» እንላቸዋለን። እማሆይ ክሩን ከሰሙ ውስጥ ቀስ ብለው እያወጡ «ከዚያማ ትዞራለች» ይላሉ። ሌላ መጨረሻ አልነበረውም። ወደ ቤቴ የምመለሰው ጆሮዬን በሁለት እጄ ደፍኜ፣ ሃያ እርምጃ የማትሞላውን ግቢ በሩጫ አቋርጬ ነበር።

አሥር ዓመት ሲሆነኝ እናቴ ሴት ልጅ ወለደች። ብሌን አሏት። እናቴ አስቴር ከኔ በኋላ ሁለት ጊዜ አስወርዷት ስለነበር ብሌን ስትመጣ ቤታችን እንደ ሰርግ ቤት ሆኖ ሰነበተ። ግን በሁለተኛው ሳምንት ልጅቱ ስትጠባ ላብ ያጠምቃት ጀመር፤ ከንፈሯም ይጠቁራል። ሐኪሞቹ ልቧ ላይ ቀዳዳ አለ፣ ቀዶ ሕክምና ያስፈልጋታል፣ ወረፋ ይያዝላት አሉ። አባቴ ኮተቤ አካባቢ ሂሳብ የሚያስተምር ዝምተኛ ሰው ነበር። ትምህርት ቤት ስለተዘጋ በየሁለት ቀኑ ሆስፒታል እየሄደ ወረፋው የት እንደደረሰ ይጠይቃል፤ ሲመለስ ከበሩ ላይ ጫማውን ለመፍታት ብዙ ጊዜ ይወስድበታል። ያኔ ጭቃው ይመስለኝ ነበር። ኋላ ነው የእናቴን ፊት የሚያይበትን ጊዜ እያራዘመ እንደነበር የገባኝ።

የብሌን ሰማንያ ቀን የሚሞላው የፍልሰታ ጾም በተፈታ ማግስት ነበር። እናቴ ነጭ ቀሚስ አሰፍታላታለች፣ የክርስትና እናቷም ተመርጣለች። በጠዋት ስትነቃ መጀመሪያ የልጅቱን ትንፋሽ ታዳምጣለች፣ ቀጥላ «ዛሬ ስልሳ ሁለት» «ዛሬ ስልሳ ሦስት» ትላለች። ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ልጅቱ እየቀለለች ሄደች።

የፍልሰታ ዋዜማ ዕለት እማሆይ መጡ። ሁሌ እንደሚያደርጉት ሁለቱን የጾም ሳምንታት እንጦጦ ራጉኤል ሱባኤ ሊገቡ ነበርና ሊሰናበቱን ነው የመጡት። በቢጫ ጀሪካን ጠበል አምጥተው ከአልጋው ሥር አስቀመጡ። ጎንበስ ብለው ብሌንን አዩና፦

«አስቴር ልጄ» አሉ፣ «ለታመመ ሕፃን እኮ ቀን አይጠበቅም። ሥርዓቱ ይፈቅዳል። ካህን ይጠራና ትጠመቅ።»

እናቴ ልጅቱን ወደ ደረቷ አስጠጋቻት። «እማሆይ፣ ሞቷን አይጥሩብኝ።»

«ሞቷን መጥራቴ አይደለም...»

«ያለ ቀኑ የሚጠመቀው የሚሞት ልጅ ነው። የኔ ልጅ ሰማንያ ቀኗን ሞልታ፣ እኔም ነጭ ለብሼ፣ እንደ ሰው ልጅ ነው የምትጠመቀው።»

አባቴ ከመስኮቱ አጠገብ ቆሞ ነበር። አንዴ እማሆይን፣ አንዴ እናቴን አየ። «ካልሽ ይሁን» አለ። እማሆይ የኔን ራስ ዳበስ አድርገው፣ መቋሚያቸውን ይዘው ወጡ። በሩ ላይ አጎንብሰው ጫማቸውን ግራና ቀኙን አዛውረው አጠለቁ፤ እርጅና መሰለኝ።

ፍልሰታ የልጆች ጾም ነው። ያን ዓመት ከግቢው ልጆች ጋር በየቀኑ አስቀድስ ነበር። ሰባ አንደኛው ቀን ላይ ቆረብኩ። ቅዳሴው ካለቀ በኋላ አፌን በነጠላዬ ሸፍኜ፣ ጭቃውን እየዘለልኩ፣ ከማንም ጋር ሳልነጋገር ቤት ደረስኩ። ዝናቡ ገና ማባራቱ ነበር፤ የቆርቆሮው ጠርዝ ይንጠባጠባል፣ ቤቱ ውስጥ ትንፋሽ እስኪታይ ድረስ ይበርዳል። አባቴ ሆስፒታል ሄዷል። እናቴ ስንት ሌሊት ያልተኛች ሴት ናት፣ ግድግዳውን ተደግፋ እንደተቀመጠች እንቅልፍ ወስዷታል፤ ብሌን ከጎኗ በብርድ ልብስ ተጠቅልላ ተኝታለች። ጠጋ ብዬ አየኋት። ከንፈሯ ጠቁሯል፣ የጣቶቿ ጫፍ ጠቁሯል። ትንፋሿ ይመጣል፣ ይቆማል፣ እስኪመጣ ድረስ እኔም ትንፋሼን ይዤ እጠብቃለሁ። ሦስቴ እንዲህ ሆነ። በአራተኛው እንደምትሞት እርግጠኛ ሆንኩ።

እናቴን ልቀሰቅሳት እጄን ዘርግቼ ነበር። ግን ብትነቃ «አይሆንም» ነው የምትለው። ቄስ ልጥራ ብል ቤተ ክርስቲያኑ ለልጅ እግር ግማሽ ሰዓት ነው። እማሆይ ተራራው ላይ ናቸው። እኔ ደግሞ ቆርቤያለሁ፤ አፌ ዛሬ ቅዱስ ነው ብዬ አሰብኩ። ብሌን ስሟ የማይጠራ ልጅ ሆና በዚያ ጫካ ውስጥ ስትዞር ታየችኝ። እንዴት ብዬ ላስረዳ፣ ተረት እንደሆነ አላውቅም ነበር። ዳገቱን እንደማውቀው፣ ባሕር ዛፉን እንደማውቀው፣ ያን በር አውቀው ነበር።

ጀሪካኑን ከአልጋው ሥር ጎተትኩት። በፕላስቲክ ኩባያ ቀዳሁ። ብሌንን ተሸክሜ የልብስ ማጠቢያው ሳፋ ወዳለበት ጥግ ወሰድኳትና ብርድ ልብሱን ከፈትኩት። እንዴት ያለች ትንሽ ነበረች! የጎድን አጥንቶቿ እንደ ሙዳይ ስፌት ይቆጠራሉ። «ወለተ ሥላሴ» አልኳት በሹክሹክታ። ሌላ የክርስትና ስም አልመጣልኝም፤ የራሴን ሰጠኋት። «አጠምቅሻለሁ፤ በስመ አብ» ብዬ አፈሰስኩ። ውሃው ሲነካት ዐይኗን ገለጠች። «ወወልድ» ብዬ ደገምኩ። «ወመንፈስ ቅዱስ» ስል ኩባያው ከጣቴ አምልጦ ውሃው በሙሉ ደረቷ ላይ ተገለበጠ። ጮኸች። በዚያ ወር ሙሉ እንደ ድመት ግልገል ስታቃስት የነበረችው ልጅ ቤቱን የሚሞላ ጩኸት ጮኸች።

በፍጥነት በነጠላዬ አደረቅኳት፣ ጠቀለልኳት። ከአንገቴ ላይ ጥቁሩን የማተብ ክር በጥርሴ በጥሼ፣ አጥፌ፣ በአንገቷ ላይ አሰርኩላት፤ ብርድ ልብሱንም እስከ አገጯ ሳብኩት። እናቴ በጩኸቱ ነቅታ «ብሌን!» አለችና ከእጄ ነጠቀቻት። ከዚያ ፊቷ ሲበራ አየሁ። እንዲያ ሲበራ ከወለደች ቀን ወዲህ አይቼው አላውቅም። «ሰማሽ? ሜሪ፣ ድምፅዋን ሰማሽ? ተሻላት! ልጄ ተሻላት!» ጡቷን ሰጠቻት። ልጅቱ ሁለቴ ሦስቴ ጠብታ ተወችው። እናቴ ግን እያነባች ትስቃለች፣ «ዛሬ እኮ ሰባ አንድ ነው፣ ዘጠኝ ቀን ብቻ» ትላለች። እኔ ሳፋው አጠገብ የፈሰሰውን ውሃ በእግሬ እየሸፈንኩ ቆሜያለሁ።

አባቴ ሲመለስ እናቴ የምሥራቹን ነገረችው። ጫማውን እንኳ ሳይፈታ ገብቶ ልጅቱን አቀፈ። ግንባሯን በከንፈሩ ነካና ደነገጠ። «አስቱ፣ ይቺ ልጅ በርዷታል» አለ። ብርድ ልብስ ጨመሩላት፣ ከሰል አስገቡ፣ ጎረቤት ታክሲ ሊጠራ ወጣ። ታክሲው ኮረኮንቹን እየተንገጫገጨ ሳይደርስ፣ ጀንበር ልትጠልቅ ስትል፣ ብሌን በእናቴ ክንድ ላይ ዐረፈች። እናቴ አልጮኸችም። «ተኛች» አለች። ደጋግማ «ተኛች» አለች። አባቴ ልጅቱን ሊወስድባት ሲሞክር ነው ጩኸቱ የመጣው።

በነጋታው የጎረቤት ሴቶች ሊገንዟት ብርድ ልብሱን ሲፈቱ ማተቡን አገኙት። እርስ በእርስ ተያዩ። አንደኛዋ «አስቴር፣ ክርስትና ተነሥታ ነበር እንዴ?» ብላ ጠየቀች። እናቴ ክሩን ተመለከተች። ያየችውን ነገር ማመን እንዳቃተው ሰው በጣቷ ነካችው። «ማን አሰረላት?» አለች። እኔ በሩ ኋላ ነበርኩ። ሴቶቹም የኀዘን ነገር ነው ብለው ተዉት።

እናቴ ቀኗ ስላልሞላ ቤት ቀረች። አባቴ በነጭ አቡጀዲ የተጠቀለለችውን ልጅ በሁለት እጁ ይዞ፣ ሦስት ጎረቤቶች አካፋና ዶማ ይዘው፣ እኔ የአባቴን ኮት ጫፍ ይዤ ወጣን። የንስሐ አባታችን በቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ጠበቁን። ጥላቸውን ለአባቴ ዘረጉለትና ዝቅ ባለ ድምፅ «ክርስትና ተነሥታለች?» ብለው ጠየቁ።

አባቴ «አልተነሣችም፣ አባ» አለ። «ዘጠኝ ቀን ቀርቷት ነበር።»

ቄሱ ዐይናቸውን ጨፈኑ። እጃቸው ወደ አጥሩ ጥግ አመለከተ፣ ፍትሐት የማይደረግላቸው ሕፃናት ወደሚቀበሩበት። ጎረቤቶቹ ወደዚያ ዞሩ። ያኔ ነው አፌ የተከፈተው።

«ተነሥታለች! ተነሥታለች! እኔ አጥምቄያታለሁ!»

ሁሉም ቆሙ። አባቴ ወደ ታች አየኝ። የሱን ፊት እስከ ዛሬ ለማንም ልገልጸው አልችልም። ቄሱ ጎንበስ ብለው «በምን አጠመቅሻት ልጄ?» አሉኝ። «በጠበል። ቆርቤ ነበር። ሦስቴ ነው ያፈሰስኩባት፣ ስም አውጥቼላታለሁ፣ ማተብም አስሬያለሁ።» ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ ነገርኳቸው፤ አንድም ነገር ከጎደለ እንዳትከለከል ብዬ። ዝናቡ ጥላቸው ላይ ይመታል።

«ጥምቀት የካህን ነው ልጄ» አሉኝ በመጨረሻ። «ፍትሐት ላደርግላት አልችልም፣ ሥልጣኑም የለኝ።» ከዚያ ቀና ብለው ጎረቤቶቹን አዩ። «ጸሎት ግን ማን ይከለክላል?» አሉና ወደ አጥሩ ጥግ ከእኛ ጋር መጡ። ትንሿ ጉድጓድ ስትሞላ ጥላቸውን አጥፈው፣ ዝናቡ እየመታቸው፣ አቡነ ዘበሰማያትን አብረውን ደገሙ። ስሟን አልጠሩም። ይጠሩታል ብዬ እስከ መጨረሻው ድረስ ከንፈራቸውን ስመለከት ነበር።

ቤት ስንደርስ አባቴ ለእናቴ ነገራት። እኔ እንዳልሰማ ብሎ በዝግታ ነው የነገራት፣ ግን ቤታችን አንድ ክፍል ነበር። እናቴ መጀመሪያ እኔን፣ ቀጥላ ከአልጋው ሥር ያለውን ጀሪካን አየች። እንድትመታኝ ፈልጌ ነበር። እንድትጮህብኝ፣ ፀጉሬን እንድትነጨኝ ቆሜ ጠበቅኳት።

«በዚህ ብርድ?» አለች።

ከዚያ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ለቀናት ለኔ ሌላ ቃል አልነበራትም። ምግቤን ታቀርብልኛለች፣ ልብሴን ታጥብልኛለች፣ ዐይኗ ግን ከኔ ፊት በስተጀርባ ያለ ነገር ነበር የሚያየው። ለቅሶ ሊደርሱ የሚመጡ ሰዎች «እግዜር ሰጠ፣ እግዜር ነሣ» ሲሉ እኔ ከአልጋው ጀርባ ሆኜ፣ እግዜር አይደለም የነሣት፣ እኔ ነኝ፣ እል ነበር። አንዳንዴ ደግሞ በተቃራኒው፣ አድኛታለሁ፣ ስሟ ተጠርቷል፣ እል ነበር። የቱ እንደሆነ ሊነግረኝ የሚችል አንድ ሰው ብቻ ነበር የማውቀው።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ለማንም ሳልናገር ዳገቱን ያዝኩ። ጭጋግ ነበር። የእንጨት ሸክም የተሸከሙ ሴቶች ጎንበስ ብለው ወደ ከተማው ይወርዳሉ፤ አንዲቷ ሸክሟን ሳታወርድ «ወዴት ነው ብቻሽን፣ የኔ ልጅ?» አለችኝ። «ራጉኤል» አልኳት። «ይሄን መንገድ ይዘሽ ውጪ፣ ወደ ጫካው እንዳትገቢ» አለችኝ። ስንት ሰዓት እንደሄድኩ አላውቅም። ስደርስ ጫማዬ በጭቃ ከብዶ፣ ጥርሴ ይንቀጫቀጭ ነበር። ሱባኤ የገቡት ሴቶች በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር አጠገብ በላስቲክና በቆርቆሮ ጎጆዎች ውስጥ ነበሩ። እማሆይን ከጫፍ ካለችው ጎጆ ውስጥ፣ ጧፍ አብርተው ዳዊት ሲደግሙ አገኘኋቸው።

ነገርኳቸው። ሁሉንም፣ ኩባያውን፣ ሳፋውን፣ ጩኸቷን፣ የአጥሩን ጥግ። ሲሰሙ መጽሐፉን አጠፉት።

«ስሟን ማን አልሻት?»

«ወለተ ሥላሴ።»

«የራስሽን?»

«ሌላ አልመጣልኝም።» ከዚያ የመጣሁበትን ጥያቄ ጠየቅኳቸው። «እማሆይ፣ ገባች?»

እማሆይ መልስ ያጡበት ጥያቄ ከዚያ በፊት አላጋጠመኝም። ስለ መላእክት ክንፍ ብዛት ቢጠየቁ ያውቃሉ፤ ስለ ኖኅ መርከብ በር ቢጠየቁ ያውቃሉ። አሁን ግን «አላውቅም» አሉ። «አላውቅም ልጄ። እኔ ምን አውቃለሁ?» እንባቸው በጎደጎደው ጉንጫቸው ላይ ወረደ። ያኔ ነው የነገሩኝ። ተረቱን ማንም አልነገራቸውም፤ ከየትም መጽሐፍ አላነበቡትም። ወጣት ሆነው፣ ገና ከባላቸው ጋር ሳሉ፣ በዚሁ ተራራ ላይ እንጨት እየለቀሙ ይሸጡ ነበር፤ ሰማንያ ቀኗን ልትሞላ አራት ቀን የቀራት ልጅ ሞታባቸዋለች። ለባላቸውም፣ ለንስሐ አባታቸውም የሚያቃጥላቸውን ነገር መናገር አቅቷቸው ኖረው፣ ስንት ዓመት አልፎ፣ ከሰል ዙሪያ ለተቀመጡ የሰው ልጆች ተረት አድርገው አወሩት። «ተረት ሲሆን ይቀለኝ ነበር» አሉኝ። «ላንቺ እንዲህ እንደሚከብድ በምን አውቄ?»

ሱባኤያቸውን አቋርጠው፣ እጄን ይዘው፣ ያን ሁሉ ቁልቁለት ከኔ ጋር ወረዱ። ቤት ስንደርስ አባቴ ስፈልግሽ ዋልኩ ብሎ ሊቆጣኝ አፉን ከፈተና፣ እማሆይን ሲያይ ከበሩ ገለል አለ። እማሆይ በቀጥታ ወደ እናቴ ሄደው እግሯ ላይ ወደቁ። «የኔ ጥፋት ነው። ልጅቱን አትቀየሚያት፣ ተረቱን እኔ ነኝ የነገርኳት» አሉ። እናቴ በዚያ ዕድሜ ያሉ መነኩሲት እግሯ ላይ ወድቀው እያየች አልተንቀሳቀሰችም። ኋላ «ይነሡ እማሆይ፣ መሬቱ ይቀዘቅዛል» አለች። ይቅርታ ነው እንዳልል ፊቷ አልተለወጠም፤ ቂም ነው እንዳልል ደግሞ በክንዳቸው ይዛ አነሣቻቸው። እማሆይ ከጾሙ በኋላ ወደ ግቢው አልተመለሱም። ከራጉኤል ሰው መጥቶ ምድጃቸውንና የጧፉን ክር ወሰደ። መብራት ሲጠፋ የግቢው ልጆች በየቤታችን በጊዜ እንተኛ ጀመር።

ሰማንያኛው ቀን የልጅቱን መሞት አላወቀም፤ በሰዓቱ መጣ። እናቴ በጠዋት ተነሥታ ታጠበች፣ ለክርስትናው ያዘጋጀችውን ነጭ ቀሚስ ለበሰች፣ ጸጉሯን ሸፈነች። አባቴ «አስቱ፣ ዛሬ ባትሄጂስ?» አላት። «ቀኔ ነው» አለች። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ፣ ከዚያ ሁሉ ቀን በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ በስሜ ጠራችኝ። «ሜሮን፣ ጫማሽን አድርጊ።»

በክርስትናው ቤት ደጅ ላይ ስድስት ሰባት እናቶች ነበሩ፣ ሁሉም ነጭ የለበሱ፣ ሁሉም የታቀፉ። እናቴ ብቻ ባዶ እጇን ነበረች። እጇን የት እንደምታደርገው ጠፍቷት አንዴ ነጠላዋን ትይዛለች፣ አንዴ ትለቃለች፤ በመጨረሻ ትከሻዬ ላይ አሳረፈችው። ከውስጥ ሕፃናቱ ተራ በተራ ወደ ውሃው ሲገቡ ይጮኻሉ። በእያንዳንዱ ጩኸት ጣቶቿ ትከሻዬን ይጨብጡታል። የንስሐ አባታችን ወደ እናቴ ሲደርሱ እጇን ተመለከቱ፤ ጸሎቱን ደገሙላት፣ ጠበል ረጩላት፣ መስቀል አሳለሟት። ገብታ ተሳለመች። እኔም ከኋላዋ።

ስንመለስ ዝናቡ አባርቶ ነበር። ዳገቱ መሀል ላይ ድንገት ቆመች። ፊቷን ወደ እኔ ሳታዞር፣ ወደ ከተማው እያየች፣ «ውሃው» አለች። «ውሃው ቀዝቃዛ ነበር?»

ውሃው እንደ በረዶ ነበር። ስቀዳው ጣቴ ደንዝዞ እንደነበር አስታውሳለሁ። ከሰል ማቀጣጠል፣ ጎረቤት ሄዶ ሙቅ ውሃ መለመን፣ አንዱም በሐሳቤ አልመጣም።

«አሙቄው ነበር እማዬ» አልኳት። «ለብ ያለ ነበር። በእጄ ሞክሬው ነው ያፈሰስኩት።»

እናቴ ትንፋሿን ለቀቀች። ሙሉ ሰውነቷ ሲፈታ አየሁት። «ጎበዝ ልጅ» አለችኝና እጄን ይዛ ዳገቱን ወጣን።

አሁን እናቴ ከኔ ጋር ጉርድ ሾላ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ትኖራለች። አባቴ ከሞተ ሰንብቷል። ሰው ቤታችን መጥቶ የልጅ ነገር ሲነሣ እናቴ ስለ ብሌን ትናገራለች፣ ያለ እንባ፣ ደስ በሚል ድምፅ፤ «እቺ ሜሮን ናት፣ ያኔ የአሥር ዓመት ልጅ ሆና፣ ውሃውን በእጇ ሞክራ፣ ለብ አድርጋ ያጠመቀቻት» ትላለች። እንግዶቹ «ወይ ጉድ!» እያሉ ያዩኛል። እኔ ብርጭቆ አነሣሣለሁ። ካደግሁ በኋላ አንዲት የሕፃናት ሐኪም ጓደኛዬን ጠይቄያት ነበር። እንዲህ ያለ ልብ ቢቆይ ቀናት፣ ቢበዛ ሳምንታት ነው አለችኝ፤ ትንሽ ቆይታ ደግሞ፣ ሐቀኛ ሰው ስለሆነች፣ «ብርዱ ግን አይረዳም» አለች። ቤተ ክርስቲያንም የካህን ያልሆነውን ጥምቀት ጥምቀት አትለውም፤ ይህን ተምሬያለሁ፣ ለምን እንደሆነም ይገባኛል። ስለዚህ ምናልባት ያለ ጥቅም ነው ያበረድኳት። ምናልባት ደግሞ አይደለም። ከእማሆይ የሰማኋቸው ሌሎች ተረቶች ሁሉ ጠፍተውብኛል። ከአንደበታቸው የቀረልኝ አንድ ነገር ቢኖር፣ ሁሉን ነገር ከሚያውቁት ሴት አፍ የወጣው «አላውቅም» ነው፤ ከዚያ ወዲህ ከብዙ መምህራን ብዙ ሰምቻለሁ፣ ከዚያ የሚበልጥ እውነት ግን የነገረኝ የለም።

በየዓመቱ ፍልሰታ ሲገባ ንስሐ እገባለሁ። የኩባያውን ነገር ነግሬያለሁ፣ የማተቡን ነግሬያለሁ፣ እማሆይን ማስለቀሴን ሳይቀር ነግሬያለሁ። የዳገቱን መልሴን ግን አልነገርኩም፤ ብነግራቸው ለእናትሽ እውነቱን ንገሪያት ይሉኛል ብዬ እፈራለሁ፣ እናቴ ደግሞ ሰማንያ ዓመት ሊሞላት ነው። የንስሐ አባቴ መስቀላቸውን ከማንሣታቸው በፊት ሁልጊዜ «ሌላ የቀረ አለ?» ብለው ይጠይቁኛል።

«የለም አባ» እላቸዋለሁ።